የተንቀጠቀጠችው «ኢ»

በቡሬና በዙሪያዋ ያላችሁ፣ ገበሬም ነጋዴም፣ ካህንም ምእመንም፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪዎችም ሳትቀሩ፣ የሰማችሁ ላልሰማችሁ አሰሙ፤ መሪጌታ ቴዎፍሎስ ቃሪያ መብላት አቁመዋል።

ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ሊል ይችላል። ሰውዬውን ስለማያውቃቸው ነው። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው ወይራ ሚካኤል ድጓ ሲያስተምሩ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ግን ያልሸበተ ሰው ናቸው። በጾም ሽሮ ከቀረበላቸው ለአንድ ጉርሻ አንድ ቃሪያ ነው፤ ፍሬውን ሳያራግፉ፣ ዓይናቸው እንባ ሳያቀርር። ተማሪዎቻቸው የድምፃቸው እሳት ከቃሪያው ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ በደብሩ ዙሪያ ካሉ ጓሮዎች ቃሪያ ሲጠፋ ባለጓሮው ሌባውን የት ሄዶ እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር።

እኒህ ሰው አንድ ቀን ቃሪያዋን በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ትሪው ጠርዝ አሸሿት። ባለቤታቸው አስካለ ማርያም መጀመሪያ ቃሪያዋን አየች፤ ቀጥላ ባሏን።

«ምነው?»

«ጠገብሁ።»

«ከቃሪያ ነው የጠገቡት?»

መሪጌታ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ።

ከቃሪያው በኋላ በርበሬው፣ ከበርበሬው በኋላ ቆሎው ቀረ። ቀጥሎ ድምፃቸው እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ማር ተላሰ፤ ፌጦ ተወቀጠ፤ ጸበል ተጠጣ። የአስካለ ማርያም ታናሽ ወንድም አለበል ቡሬ ላይ ባጃጅ ስለሚነዳ የተሳፋሪውን ሁሉ ምክር እየለቃቀመ ያመጣላቸው ነበር። ከምክሮቹ መሐል አንዱ «ሐኪም ቤት ይሂዱ» የሚል ነው፤ ይህን የመከረው ሰው ማን እንደሆነ ግን አለበል አያስታውሰውም።

ባሕር ዳር ላይ ከጉሮሯቸው ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ ተመረመረ። ካንሰር ሆነ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ቤት ውስጥ የሚጠራ ሰው ጠፋ። አስካለ ማርያም «ያ ነገር» አለችው፤ ተማሪዎቹ «የየኔታ ጉንፋን» አሉት፤ አለበል «ችግሩ»። መሪጌታ ራሳቸው ስምም አልሰጡት፤ እንደማይጋብዙት እንግዳ ደጅ ላይ አቁመው ዝም አሉት። እንግዳው ግን ገብቶ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ስለ መሪጌታ አንድ ነገር ይታወቅ። ርክርክ የሚባል የዜማ ምልክት አለ፤ ድምፅን እያርገበገቡ ማውረድ ነው። ርክርክን ማንም እንደሳቸው አይጥለውም። በፍርሃት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ከሩቅ ያሸቱታል፣ አይምሩትምም። ይታገሱ የሚባል ተማሪያቸው በሚካኤል ዕለት ሕዝብ ፊት ቆሞ ድምፁ ቢብረከረክበት፣ ካህናቱ እየሰሙ «አንተ ፈሪ! እንዲህ ያለ ጉሮሮ ይዘህ ማሕሌት አትቆምም። ሂድ ድንች ቆፍር!» ብለው አሰናበቱት። ይታገሱ ታዛዥ ልጅ ስለነበረ እውነትም ሄዶ ቆጋ ላይ ድንች ተከለ። እንደሚወራው ድንቹ ግሩም ነው።

ስለዚህ መሪጌታ መፍራታቸውን ለማንም አልተናገሩም። ፍርሃቱ ግን ነበረ። ሲውጡ ነበረ፤ ሲነቁ ቀድሟቸው ነቅቶ ይጠብቃቸው ነበር።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፈተ በተባለ ሳምንት አለበል መሪጌታንና እኅቱን ይዞ ፍኖተ ሰላም ወረደ። የባሕር ዳሮቹ ሐኪሞች ወደዚያ የላኳቸው ዶክተር ህይወት የምትባል ወጣት ሐኪም የጉሮሮ ካንሰር ጥናት ስለጀመረች ነው። ዶክተር ህይወት ነጭ ካፖርቷ ሰፋ ያለባት፣ ስትናገር በእጇ አየር ላይ የምትስል ልጅ ናት።

«መሪጌታ፣ የእርስዎ እጢ ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው» አለቻቸው። «አንዱ ዓይነት በጨረር ይጠፋል። ሌላው ግን ውስጡ ያለው ጂን ተለውጧል፤ ጨረር ብዙም አይነካውም። የትኛው እንደሆነ በትክክል የሚለየው የጂን ምርመራ ነው፤ እሱን ደግሞ እኛ ጋ አንሠራውም። ውጭ ተልኮ መልስ እስኪመጣ…»

አልጨረሰችውም። ባትጨርሰውም ሁሉም ሰሙት።

«ስለዚህ ጉሮሮዎን በሲቲ ስካን እናነሣዋለን። ሥዕሉን ለኮምፒዩተር ፕሮግራም እንሰጠዋለን። ፕሮግራሙ የእጢውን መልክ አይቶ የጂኑን ጠባይ ይገምታል።»

«ፎቶ አይቶ?» አለ አለበል። «የኔታ፣ እንግዲህ ሰባት ቤትዎ በኮምፒዩተር ሊቆጠር ነው!»

«የእሳቸውን ዘር አይደለም፤ የእጢውን ብቻ ነው። ለልጅም አይተላለፍም» አለች ዶክተሯ ሳቋን ይዛ።

«መልክ አይቶ ጠባይ መናገርማ የእኛ ሰፈር ሴቶችም ያውቁበታል።»

«አለበል፣ አፍህን ያዝ!» አለች አስካለ ማርያም።

መሪጌታ አልሳቁም። «ጨረሩ የማይነካው ከሆነስ?» ብለው ጠየቁ።

ዶክተር ህይወት እጇን ከአየር ላይ አወረደች። «ያኔ ማንቁርትዎን ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ድምፅ የሚወጣበትን። በአንገትዎ በኩል ይተነፍሳሉ።»

መሪጌታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አልተቸገሩም። ተራ ሲጠብቁ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ የደምበጫ ሰው ነበር። እንደ ወጉ «እንዴት ዋልህ?» ብለውታል። ሰውዬው ነጠላውን ከአንገቱ ገለጥ አደረገ። ጉሮሮው ሥር ክብ ቀዳዳ አለ። ከንፈሩ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ቅርጽ ሠራ፤ የወጣው ግን ከቀዳዳው ፉት ያለ አየር ብቻ ነው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ነጠላውን መለሰ። ያ ፈገግታ ከቀዳዳው ይበልጥ አስፈራቸው፤ የለመደው ሰው ፈገግታ ነው።

የሲቲ ስካኑ ክፍል ይቀዘቅዛል። ማሽኑ ነጭ፣ ክብ፣ መሐሉ ባዶ፤ አፉን ከፍቶ ሰው የሚጠብቅ ነገር ነው። ባለሙያው ባዬ ልጅ ሳለ ዲያቆን ነበር። የመሪጌታን ጥምጣም በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ለክብሩ የሚመጥን ማስቀመጫ ሲፈልግ ክፍሉን ዞረና በመጨረሻ መስታወቱ ጀርባ ያለው የራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠው። እሱ ቆሞ ሊሠራ ነው።

«የኔታ፣ በክንድዎ መድኃኒት ይገባል። ከዚያ ‹ኢ በሉ› ስልዎ ኢ ይላሉ፤ ሳያነሡ፣ ሳይጥሉ፣ አንድ ወጥ ኢ። የድምፁን በር ማየት ስለምንፈልግ ነው። መንቀሳቀስ የለም፤ መዋጥም የለም።»

ባዬ አንድ ነገር መናገር ረሳ።

መድኃኒቱ ሲገባ ሙቀት ከክንዳቸው ተነሣ፤ አንገታቸውን አዳረሰ፤ በደረታቸው አድርጎ ቁልቁል ወረደ። ከወገባቸው በታች ሲደርስ መሪጌታ ቴዎፍሎስ፣ የወይራ ሚካኤሉ፣ የሸኑ መሰላቸው። መዳሰስ አይችሉም፤ አትንቀሳቀሱ ተብለዋል። በመስታወቱ ማዶ ጥምጣማቸው ወንበር ላይ ተሰይሞ ያያቸዋል። አልጋው እየተንሸራተተ ወደ ቀለበቱ ሲያስገባቸው የደምበጫው ሰው ፈገግታ ፊታቸው ላይ ድቅን አለ።

«ኢ በሉ፣ የኔታ!»

አሉ። ድምፁ ወጣ፤ ወጥቶም ተንቀጠቀጠ። ርክርክ አልነበረም። ያው የይታገሱ መንቀጥቀጥ፣ የድንቹ፣ ራሱ ነው። መሪጌታ በገዛ ጆሯቸው ሰሙት። አሁን ደግሞ ባዬ ሊሰማው ነው፤ ዲያቆን የነበረ ሰው፣ የሚለይ ጆሮ ያለው። ነገ ቡሬ ሊሰማው ነው።

ጉሮሯቸው ከጭንቅላታቸው ቀድሞ መላ አገኘ። መንቀጥቀጡን ዜማ አለበሰው። ኢዋን ከፍ አደረጓት፣ አርገበገቧት፣ ጣል አደረጓት፣ መልሰው አነሧት፣ በርክርክ እያንጠባጠቡ አወረዷት። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ያለ ዜማ ወጥቷቸው አያውቅም።

ባዬ ማሽኑን አቁሞ «የኔታ፣ ያለ ዜማ» ማለት ነበረበት። ግን መሪጌታን በዜማ መሐል ማቋረጥን ማን አስተምሮት? በዲቁናው ጊዜ እንዲህ የሞከረ ልጅ መቋሚያ የት የት እንደሚያርፍ አይቷል። አንገቱን ደፍቶ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ሲጨርሱ አማተበና ሥዕሉን ላከ።

«ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አለ ጥምጣሙን ሲመልስላቸው።

መሪጌታ በጋቢያቸው ሥር ሱሪያቸውን ዳበስ አደረጉ። ደረቅ ነው።

ውጤቱን ለመስማት ኔትወርክ መምጣት ነበረበት። መጣ በተባለ ቀን ተመልሰው ሄዱ። ዶክተር ህይወት ስክሪኑን ወደነሱ አዞረችው። ግራጫ ጉሮሮ፣ መሐሉ ላይ በቀይ የተከበበ ነገር።

«ፕሮግራሙ የሚለው ጨረር የማይነካው ዓይነት ነው። ሰማንያ ሰባት በመቶ። ግምት ነው፤ ጥናት ላይ ያለ ነገር ነው። ግን…»

«ሰማንያ ሰባት?» አለ አለበል። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን ከሰረበት። «ማትሪክ ቢሆን እኮ…» ብሎ ተወው። አስካለ ማርያም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩት። «ምኑን አይቶ አወቀ?»

«ጠርዙን። የእጢው ጠርዝ ልስልስ ሲል አንደኛው ዓይነት ነው። እንዲህ ሲሰባበር፣ ሲርገበገብ ደግሞ ሁለተኛው። የእርስዎ በጣም ይርገበገባል።» ዞር ብላ በር ላይ የቆመውን ባዬን ጠየቀችው። «ሲነሡ ተንቀሳቅሰዋል እንዴ?»

«ኧረ የለም! እንደ ሐውልት ነው የተኙት» አለ ባዬ። አልዋሸም። ዜማ መንቀሳቀስ ነው ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም።

መሪጌታ ግን ገባቸው። ያ ቀይ ጠርዝ የእጢው አልነበረም፤ ወይም የእጢው ብቻ አልነበረም። የሳቸው ርክርክ ነው፤ እያንዳንዷ እርግብግቢት እዚያ ተስላለች። ኮምፒዩተሩ ጂን አየሁ ብሎ ያየው የሳቸውን ፍርሃት ነው። አፋቸውን ከፈቱ። አለበል ያያቸዋል፤ ባዬ ያያቸዋል። አፋቸውን ዘጉ።

«ሰኞ ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋግረን ለቀዶ ሕክምናው እንጽፋለን» አለች ዶክተር ህይወት በቀስታ።

ወይራ ሚካኤል ተመለሱ። መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን ድጓ ማስቀጸል አልቻሉም፤ በጥሞና ላይ ናቸው ተባለ። እውነቱ ግን እየተከራከሩ ነበር። ቢናገሩ፣ ፈርተው እንደተንቀጠቀጡ አገር ይሰማል፤ ቆጋ ድረስ። ባይናገሩ ማንቁርታቸው ይወጣል። ይኸ ቀላሉ ፍርሃት ነበር። ከሥሩ የተኛው ሌላ ነው። ሥዕሉ ተደግሞ፣ አሁን ሳይንቀጠቀጡ፣ ፕሮግራሙ ያንኑ ቢልስ? አሁን ቢያንስ «ዜማዬ ነው ያሳሳተው» እያሉ የሚይዙት ነገር አላቸው። ከተደገመ በኋላ የሚይዙት አይኖርም።

በማግሥቱ ከቤቱ ጀርባ በቆሎ ማሳ ውስጥ ገብተው «ኢ» ማለት ጀመሩ። ወጥ፣ ደረቅ፣ ዜማ የሌላት ኢ። የዕድሜ ልክ ልማድ ይዟቸው በየመሐሉ ትነሣለች፣ ትወድቃለች። ረግጠው ይይዟታል፤ ታመልጣለች። በአጥሩ በኩል ሲያልፉ የሰሙ ተማሪዎች ቆመው ተያዩ።

«የኔታ ዜማ ጠፋባቸው!»

«ዝም በል አንተ፣ አዲስ ስልት እያወጡ ይሆናል።»

«ይኼ ስልት ከሆነ በሬያችንም መሪጌታ ነው።»

አስካለ ማርያም ተማሪዎቹን አባርራ በቆሎውን እየከፈለች ገባች። ባሏ አንገታቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል።

«ምን እየሆኑ ነው አንቱ?»

«ልምምድ ላይ ነኝ።»

«የምን?»

«እንዳይንቀጠቀጥ።»

አስካለ ማርያም ብዙ አልጠየቀችም። አብራቸው የኖረች ሴት ናት፤ የትኛው ርክርክ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ከማንም በላይ ትለያለች። ቀረብ ብላ መዳፏን ጉሮሯቸው ላይ አሳረፈች። እጇ ሽንኩርት ይሸታል።

«በሉ» አለች።

«ኢ…»

«ተንቀጠቀጠ። ድገሙት።»

«ኢ…»

«አሁንም። እኔም እኮ ፈርቻለሁ፤ ይህን እጄን አያዩትም? ድገሙት።»

እውነትም መዳፏ ይንቀጠቀጥ ነበር። የማን እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ ሁለቱም ተንቀጥቅጠው፣ ቆይተው፣ አንድ ጊዜ ኢዋ ቀጥ ብላ ወጣች። እንደ ውኃ ልክ። አስቀያሚ ነበረች። አስካለ ማርያም እጇን ሳታነሣ አለቀሰች።

ሰኞ ማለዳ መሪጌታ ዶክተር ህይወት ቢሮ ገብተው እንዴት አደርሽ፣ ደኅና ነሽ ሳይሉ፣

«ሥዕሉ ይደገም» አሉ።

«ለምን? ምን ተፈጠረ?»

«ይደገም።»

«መሪጌታ፣ ወረፋ አለ፤ መድኃኒቱም ኩላሊት ላይ…»

«ልጄ፣ ጉሮሮው የኔ ነው። ይደገም።»

ሰማንያ ሰባቷን ዶክተሯም አላመነቻትም ይሆናል፤ ወይም ደግሞ የጎጃም መሪጌታ ቆሞ አልወጣም ሲል መከራከሩ ዋጋ እንደሌለው እዚህ ስትሠራ ተምራለች። ባዬን ጠራችው።

ባዬ ጥምጣሙን ተቀብሎ ወንበሩ ላይ አኖረው። መሪጌታ እጁን ያዙት።

«ስማ። ዜማ ብጀምር አቁመኝ።»

«የኔታን? እኔ?»

«አቁመኝ ብዬሃለሁ!»

ሙቀቱ መጣ። ቁልቁል ወረደ። የሸኑ መሰላቸው፤ አልሸኑም፤ አሁን ያውቁታል። ቀለበቱ ዋጣቸው። የደምበጫው ሰውም መጣ፣ ፈገግታውም መጣ፤ መሪጌታ አላባረሯቸውም። ፍርሃቱን ሁሉ እንዳለ ደረታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጉሮሯቸው ላይ ሽንኩርት የሚሸት መዳፍ እንዳለ አድርገው፣ ከብት የሚጠራ ሰው የሚያሰማትን ያህል ዜማ እንኳ የሌላት አንዲት ደረቅ ኢ አወጡ። ኮርኒሱን እያዩ ያዟት። መስታወቱ ማዶ ባዬ ለማቋረጥ እጁን ዘርግቶ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ቆሟል። የሚያቋርጠው ነገር አላገኘም።

ኔትወርክ ያለበት ቀን ስለነበረ፣ ውጤቱ እስኪታይ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ተረኛው ከእነሱ ቀጥሎ ያለ ገበሬ ነበር፤ ከእግሩ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማ ጫማው ወለሉን ይደልቃል። መሪጌታ አለበል እንዳይሰማ ፊታቸውን አዙረው ወደ ገበሬው ጆሮ ጠጋ አሉ።

«መድኃኒቱ ሲገባ ይሞቅሃል። የሸናህ ይመስልሃል። አልሸናህም።»

ገበሬው አፉን ከፍቶ አያቸው። የጫማው ድለቃ ግን ቆመ።

ዶክተር ህይወት ስትጠራቸው ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጋ ነበር። በግራው በኩል ቀዩ መስመር እንደ እሾህ አጥር የተሰባበረ ነው። በቀኙ ልስልስ ያለ፣ ክብ።

«ጨረር የማይነካው የመሆኑ ዕድል ሃያ ሁለት በመቶ ሆነ» አለች። ደስታ አልነበረባትም፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ጨረር የሚነካው ዓይነት ይመስላል። አሁንም ግምት ነው፤ ማረጋገጫ እንልካለን። ግን ለጨረር ነው የምጽፍልዎት።»

አስካለ ማርያም እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የዶክተሯን ፊት አይታ መልሳ ዘጋችው። መሪጌታ ሃያ ሁለቷን እያዩ ነበር። ሃያ ሁለትም ትንሽ አይደለችም።

«ዛሬ ጠዋት እኮ ማንቁርትዎ ይውጣ ብዬ ልጽፍ ነበር» አለች ዶክተር ህይወት፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣብቃ ይዛቸዋለች፤ አየር ላይ የሚስሉት ቀርቷል። «በዚሁ ፕሮግራም ያለፈ ብዙ ሰው አለ። የእነሱስ? ባዬ፣ በመጀመሪያው ቀን ምን ነበር የሆነው?»

ባዬ መሬት መሬት እያየ «ዜማ አሰሙን… ያምር ነበር። ማቋረጥ ከበደኝ» አለ።

«ዜማ? መሪጌታ፣ አንድ ወጥ ኢ በሉ ተብለው ነበር እኮ! ለምን አዜሙ? መድኃኒቱ ነው? ቅዝቃዜው ነው? ምን ሆነው ነው? ይንገሩኝ፤ ምክንያቱን ካወቅሁ የሌሎቹን ሥዕል ለይቼ ማስደገም እችላለሁ።»

አለበል ያያቸዋል። ባዬ ያያቸዋል። አስካለ ማርያም ብቻ መስኮቱን ታያለች።

መሪጌታ ቴዎፍሎስ ጥምጣማቸውን በሁለት እጃቸው አስተካከሉ።

«አልናገርም።»

«ስለ ሌሎቹ ሰዎች ብለው፣ መሪጌታ፤ ምክንያቱን ብቻ…»

«አልናገርም አልሁሽ።»